ቂም ይዞ ቱቦ ፍተሻ

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም ይባላል። እባቢት ይህን ተረት በደንብ ታውቀዋለች። ከቂሙና ከጸሎቱ አንዱን መተው እንዳለባት በገባት ጊዜ ጸሎቱን ተወችው።

እባቢት እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም፤ ሥራ ቦታ የወጣላት ነው። በየንግድ ሕንፃው የፍሳሽ ቱቦ ውስጥ ረጅም ገመድ እየሰደደች፣ ገመዱ ጫፍ ላይ ባለች አውራ ጣት በምታህል ካሜራ ውስጡን የምታይ ሴት ናት። ገመዱን ሠራተኞቹ እባብ ይሉታል፤ እሷን ደግሞ እባቢት አሏት። አልከፋትም። ከዚያ በፊት የነበራት ስም ከዚህ የባሰ ነበርና።

የበፊቱ ስሟ «ጨርቄ» ነበር። ያን ስም ያገኘችው አንድ ባለ አራት ፎቅ የንግድ ሕንፃ ውስጥ ጽዳት ስትሠራ ነው። ሥራውን ያስገኘችላት ታላቅ እህቷ ናት። ታላቂቱ በሕንፃው ምድር ቤት ምግብ ቤት ነበራት፤ ዓሣና ድንች ትጠብሳለች፣ ሾርባ ትሠራለች፣ ምሳ ሰዓት ላይ ወንበር አይገኝም። እጇ ለምግብ የተባረከ፣ አንደበቷ ማር፣ ደንበኛ ስትሸኝ እስከ በር ድረስ የምትሄድ ሴት ናት። ታናሽየዋ ደግሞ ዝምተኛ፣ ጥርሷን የማታሳይ፣ ባልዲና መወልወያዋን ይዛ በደረጃው ላይ እንደ ጥላ የምታልፍ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። ሁለቱም ከእናታቸው ጋር በታላቂቱ ቤት ይኖሩ ነበር፤ ታናሽየዋም ታላቋን «እትዬ» ብላ ጠርታ አትጠግብም ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት የሕንፃው ፍሳሽ ወደ ላይ ገነፈለ። ከምግብ ቤቱ ቀጥሎ የሙሽራ ልብስ የምታከራይ ሴትዮ ሱቅ አለ። ሴትየዋ በሯን ስትከፍት ወለሉን ጥቁር ውሃ ሞልቶታል፤ ነጫጮቹ ቀሚሶች ጫፋቸው ተነክሮ፣ ቆሻሻውን እንደ ኩራዝ ክር ወደ ላይ እየሳቡት ነው። ጩኸቷ አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሰማ።

የቧንቧ ሠራተኛ ተጠራ። ሽማግሌ ሰው ነው። በጓሮ በኩል ያለውን የብረት ክዳን ከፍቶ ጠመዝማዛ ሽቦ ሰደደ፤ ሲጎትት ሲጎትት ቆይቶ በወፍራም ቅባት የተለወሰ ጨርቅ አወጣ። መልኩ የጠፋ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ጨርቅ። የሕንፃው አስተዳዳሪ በጫማው ጫፍ ገለበጠውና «ይሄ የማን ነው?» አለ።

ተከራዮቹ ከበው ቆመዋል፤ የጥርስ ሐኪሙ ነጭ ጋውኑን እንደለበሰ፣ ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ። ያኔ ታላቂቱ ከምግብ ቤቷ በር ላይ ሆና፣ ያዘነች መስላ፣

«እንግዲህ ምን ልበል፤ እህቴ ናት» አለች። «ስንቴ ነግሬያታለሁ። የወለወልሽበትን ጨርቅ ሽንት ቤት ውስጥ አትጣዪ እላታለሁ። አትሰማም።»

ታናሽየዋ መጀመሪያ ስለ ሌላ ሰው የሚወራ መሰላት። ጨርቅ ጥላ አታውቅም። ቀና ብላ እህቷን አየቻት። ታላቂቱ ዓይኗን አላሸሸችም። ውስጧ የቀረው ይሄ ነው። ብታሸሸው ኖሮ ደንግጣ ነው፣ አምልጧት ነው ትል ነበር።

«እኔ አይደለሁም» አለች። ድምጿ ለራሷም አልተሰማት።

የሙሽራ ልብስ አከራይዋ «እጅሽ ይቆረጥ!» ብላ ረገመቻት። አስተዳዳሪው ግን ከእርግማን የከፋ ነገር አመጣ። ከሥራ አባረራት፤ ከመሄዷ በፊት ደግሞ ከምድር ቤት እስከ ላይኛው ፎቅ ድረስ በር በሩን እያንኳኳች ይቅርታ እንድትጠይቅ አዘዛት። «እምቢ ካልሽ ለፖሊስ ነው የምሰጥሽ» አላት። ዞረች። በየበሩ ቆማ ያላደረገችውን «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ» አለች። አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ፤ አንዳንዱ ከወረቀቱ ቀና ሳይል «እሺ፣ እሺ» አላት። ከአንዱ ቢሮ ስትወጣ ከኋላዋ «ማን ናት?» ሲባል «ጨርቄ ናት ባክህ» የሚል መልስና ሳቅ ሰማች። ስሙ የወጣው ያኔ ነው።

አመሻሹ ላይ ታላቂቱ ቤት ስትገባ ታናሽየዋ በሩ አጠገብ ቆማ ጠበቀቻት።

«እትዬ፣ ለምን?»

ታላቂቱ ጫማዋን እያወለቀች ነበር። «ቅባቱ ከኔ ኩሽና እንደሆነ ካወቁ ቤቱን ይዘጉብኛል። አንቺ ሌላ ጽዳት አታጪም። እኔ ምግብ ቤቱን ባጣ እማዬን ማን ይይዛታል? አንቺ?»

«ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?»

«ብጠይቅሽ እሺ ትይ ነበር?»

«አልልም ነበር።»

«ይኸው!» አለች ታላቂቱ፣ ክርክሩን እንደረታች ሁሉ።

እናታቸው ከመጋረጃው ወዲያ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ሰምታለች። ታናሽየዋ መጋረጃውን ገልጣ አየቻት። እናትየዋ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣምራ «ተይው ልጄ። ያልፋል። እህትሽ ናት» አለች። ታናሽየዋ ልብሷን በፌስታል ቋጥራ ወጣች። «እትዬ» የሚለውንም ቃል እዚያው ቤት ትታው ነው የወጣችው።

መጀመሪያ የፈለገችው ሥራ አልነበረም። ያን ጨርቅ ያወጣውን ሽማግሌ ፈለገች። ሌላ ሰፈር፣ አንድ ሆቴል ጓሮ ጉድጓድ ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ አገኘችው።

«አባባ፣ ያን ቀን ውስጡ ምን አዩ?»

«ልጄ፣ እኔ ምን አያለሁ? ሽቦ ዓይን የለውም፤ የነካውን ይጎትታል።» እጁን በሱሪው ጠረገ። «ቅባቱ ግን እስከ ክንዴ ለውሶኝ ነበር። ወለል የምትወለውል ሴት ያን ሁሉ ቅባት ከየት ታመጣለች ብያለሁ፣ በሆዴ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

አዘነላት መሰለኝ፣ ከጉድጓዱ ወጥቶ ካሜራ ቱቦ ውስጥ የሚሰዱ ሰዎች እንዳሉ የነገራት እሱ ነው። ድርጅቱ የት እንደሆነም አሳያት። ኃላፊው ሸምበቆ የሚባል ሰው ነው፤ ረጅም፣ ትከሻው የጠበበ፣ ነፋስ ሲነፍስ የሚያጎነብስ የሚመስል።

«ምን ትችያለሽ?» አላት።

«ቆሻሻ አልጸየፍም።»

ሸምበቆ ሳቀ። «በዚህ ሥራ ይሄ ዲግሪ ነው» ብሎ ገመድ አጣቢ አድርጎ ቀጠራት።

ከቱቦ የወጣውን ገመድ እየጠረገች፣ የካሜራዋን መስታወት እያጸዳች፣ ከኋላ ቆማ ስክሪኑን እያየች ተማረች። ኋላ ገመዱን ራሷ መግፋት ጀመረች። ገመድ በጉልበት አይገፋም፤ ቱቦው ሲታጠፍ በእጅ አንጓ ይሰማል፣ ትንሽ መለስ፣ ትንሽ ዞር አድርጎ ማሳለፍ ነው። መስታወቱ ሲቆሽሽ ቱቦ ውስጥ የተኛ ውሃ ፈልጎ እዚያው ማለቅለቅ ነው። ስንጥቁን ከዛገው፣ የዛፍ ሥሩን ከክር ጥቅልል መለየት ለመደች። ካሜራዋ ከሲሚንቶው ሥር የት እንደደረሰች ከላይ በጩኸት የሚናገር መሣሪያም አለ፤ እሱን ይዛ ወለሉ ላይ ስትራመድ ሠራተኞቹ «እባቢት ባሏ ጠፍቶባት ልትፈልግ ወጣች» እያሉ ይስቁ ነበር።

«ባል ቱቦ ውስጥ ካገኘሁ ታጥቦ ነው የሚሰጠኝ» ትላቸዋለች።

ሥራውን ወደደችው። ከሁሉ በላይ ግን ቅባትን አጠናች። በየሄደችበት ምግብ ቤት ቅባት ቱቦ ውስጥ እንዴት እንደሚረጋ፣ መጀመሪያ እንደ ጤዛ፣ ቀጥሎ እንደ ሻማ፣ በመጨረሻ እንደ ድንጋይ እንደሚሆን አየች። ባየችው ቁጥር የእህቷ ፊት ስክሪኑ ላይ ድቅን ይላል። ቤቷ ተቀምጣ ራሷን ስታበጥር እንኳ የምትናገረውን ትለማመድ ነበር፤ አንድ ቀን እዚያ ሕንፃ መተላለፊያ ላይ ቆማ የምትናገረውን። አንዳንዴ ቃሉ ረጅም ስድብ ይሆናል፤ አንዳንዴ አንዲት ዓረፍተ ነገር። ላግባሽ ብሎ የጠየቃት ደግ ሰው ነበር፤ ጎማ ጠጋኝ። ለትንሽ ጊዜ አብራው ሻይ ጠጣች፣ ሳቀችም። በኋላ «ልብሽ ሌላ ቤት ነው ያለው» ብሎ ተዋት። እውነቱን ነው። ልቧ የእህቷ ኩሽና ውስጥ ነበር።

እናትየዋ አልፎ አልፎ በአውቶቡስ ትመጣለች። ታላቂቱ አልላከችኝም ትላለች፤ ይዛ የምትመጣው ዓሣ ግን ገና ትኩስ ነው። እባቢት ዓሣውን ለጎረቤት ትሰጠዋለች።

«አንድ ቀን ብትታረቁ» ትላለች እናትየዋ። «እሷ እኮ ረስታዋለች።»

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ እማ።»

«ምን ላድርግሽ እንግዲህ?»

«ያኔ ነበር ማድረግ።»

እናትየዋ ወሬውን ወደ ጉልበቷ ሕመም ትመልሰዋለች።

ዓመታት እንዲህ ሄዱ። አንድ ጠዋት ሸምበቆ የሥራ ክፍፍል ሲያነብ የዚያን ሕንፃ አድራሻ ጠራ። ፍሳሹ እንደገና እየገነፈለ አስቸግሯል፤ አዲስ የመጣው አስተዳዳሪ ከመቆፈር በፊት ሁሉም መስመር በካሜራ ይታይ ብሏል። ሸምበቆ ሥራውን ለሌላ ሰው ሊሰጥ ሲል እባቢት ብድግ አለች።

«የኔ ነው።»

«ምኑ?»

«ይሄ ሕንፃ የኔ ነው።»

በሩን ዘግታ ሁሉንም ነገረችው። ሸምበቆ ረጅሙን አንገቱን ደፍቶ ሰማት። ስታበቃ «አልልክሽም» አላት። «ቂም ያለበት ዓይን ስክሪን ላይ የሌለውን ያያል። ጥላ አይተሽ ጨርቅ ትያለሽ።»

«እኔ ምንም አልልም። ገመዱን እገፋለሁ፤ የሚያየው ሌላው ነው። አንድ ቃል ከተናገርኩ ገመዱን ተቀበለኝ።»

«ካልሆነስ? ቅባቱ ከሷ ባይሆንስ?»

ይህን ራሷን ጠይቃ አታውቅም ነበር። «ከሷ ካልሆነ እኔው ራሴ ሄጄ እግሯን አጥባለሁ» አለች።

ሸምበቆ ራሱም አብሮ ሊሄድ ተስማማ። ለአስተዳዳሪው ስልክ የደወለችው ግን እሷ ናት። ፍተሻው ምሳ ሰዓት ላይ እንዲሆን፣ ተከራዮቹም ሁሉ እንዲገኙ ጠየቀች። «ቱቦ ሁሉም ሰው ሲጠቀምበት ነው ጉዱ የሚታየው፤ ደግሞ ፍሳሹ የሁሉም ስለሆነ ሁሉም ይየው» አለችው። ስልኩን ስትዘጋ ሸምበቆ አጠገቧ ቆሟል።

«ግማሹ እውነት ነው» አላት።

«ግማሹ ይበቃኛል።»

ሕንፃው ቀለሙ ታድሷል እንጂ ያው ነው። ምግብ ቤቱ ሰፍቷል፤ ወንበር ሁሉ ተይዟል፤ የጥብሱ ሽታ እስከ መንገዱ ይደርሳል። እባቢት የሥራ ቱታዋን ለብሳ፣ የገመዱን ጥቅል እየገፋች ስትገባ ታላቂቱ ከገንዘብ መቀበያው ጀርባ አየቻት። ተወፍራለች፤ ፀጉሯ በግንባሯ በኩል ሸብቷል። ባለ ሰማያዊ ሰንበር የኩሽና ፎጣ እንደ ዱሮዋ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋለች። እጆቿን ዘርግታ መጣች።

«ወይኔ! የኔ እህት! ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ሥራ ላይ ነኝ» አለች እባቢት፤ እጇን ጓንት ውስጥ ከተተች።

ታላቂቱ የተዘረጋ እጇን ወዴት እንደምታደርገው ቸገራት። መጨረሻ ላይ ፎጣዋን አስተካከለችበት።

በመተላለፊያው መሐል ስክሪኑ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ተከራዮቹ ወረዱ። የጥርስ ሐኪሙ አርጅቷል፤ ልብስ ሰፊው መነጽር አድርጓል፤ የሙሽራ ልብስ አከራይዋ ክንዷን አጣጥፋ ከፊት ቆመች። እባቢትን ያወቃት አልነበረም። ምሳ የሚበሉ ደንበኞችም ሹካቸውን ይዘው በምግብ ቤቱ በር አንገታቸውን አሰገጉ።

ከላይኞቹ ፎቆች ከሚወርደው መስመር ጀመረች። ይህን ሆን ብላ ነው ያደረገችው፤ ታላቂቱ ቆማ እንድትጠብቅ። ካሜራዋ መብራቷን እያበራች ገባች። ቱቦው ውስጥ ትንሽ ዝገት፣ ከጥርስ ሕክምናው የመጣ ነጭ ዱቄት መሳይ ቅርፊት፣ አንድ ቦታ ላይ የክር ጥቅልል ታየ።

«ያቺ የኔ ናት» አለ ልብስ ሰፊው አፍሮ። ሰው ሳቀ።

ገመዱን አውጥታ፣ ጠርጋ፣ ሳትቸኩል ወደ መንገድ የሚወጣውን ዋናውን መስመር ከፈተች። አሁን የሚስቅ ጠፋ። ግድግዳው ነጭ፣ ወፍራም፣ ካሜራዋ በገባች ቁጥር እየጠበበ የሚሄድ፤ ከጣሪያው ላይ ቅባት እንደ ሻማ ተንጠባጥቦ ረግቷል። የሚያልፈው ውሃ በእጅ ጣት ልክ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች የሙሽራ ልብስ አከራይዋ።

እባቢት ገመዱን መግፋቷን ቀጠለች። የመለሰው ሸምበቆ ነው፤ «ቅባት» አለ።

አስተዳዳሪው ወደ ታላቂቱ ዞረ። ታላቂቱ ማር አንደበቷን አወጣች። «ኧረ የኔ ኩሽና ቅባት ማስቀሪያ ጉድጓድ አለው! ሕንፃው ሲሠራ ጀምሮ ያለ ነው። ኑ እዩት፤ ከኔ የሚወጣው ንጹሕ ውሃ ነው።»

ሸምበቆ ያንን ለማጣራት አረንጓዴ ቀለም በውሃ በጥብጦ ኩሽናው ውስጥ ገብቶ ማጠቢያው ላይ አፈሰሰው። ውሃው በጉድጓዱ በኩል ካለፈ ቀስ ብሎ፣ ቆይቶ፣ ከጉድጓዱ ወደ ዋናው መስመር በሚገባው የብረት ቱቦ በኩል መውጣት አለበት። ሁሉም ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ። አረንጓዴው ግን ወዲያው መጣ፤ የመጣውም በብረቱ ቱቦ በኩል አይደለም። ከዚያ አለፍ ብሎ፣ የዋናውን መስመር ጎን ሰብሮ ከገባ ነጭ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ተንዠቀዠቀ።

እባቢት ካሜራዋን ወደ ነጩ ቱቦ አዞረች። ቱቦው የገባበት ቀዳዳ አፉ ሸካራ ነው። በሸካራው ላይ የተያዙ ጨርቆች አሉ፤ ያረጀው ጠቁሯል፣ አንዱ ግን በቅርብ የገባ ነው። አረንጓዴው ውሃ ሲያጥበው ሰማያዊ ሰንበሩ ቁልጭ ብሎ ወጣ።

ሰው ሁሉ ስክሪኑን አየ፤ ቀጥሎ የታላቂቱን ትከሻ አየ። ታላቂቱ ፎጣዋን ቀስ ብላ አወረደችና በጀርባዋ ደበቀችው። ይሄ መደበቋ ነው ደንበኞቹን ሹካቸውን ያስጣላቸው።

አስተዳዳሪው ወደ ኩሽና ገብቶ የጉድጓዱን ክዳን አስከፈተ። ደረቅ ነበር። ውስጡ ሸረሪት አድርቶበታል።

«ይሄ ቱቦ መቼ ነው የተገጠመው?» አለ የጥርስ ሐኪሙ። አንድ ነገር ትዝ እያለው ነበር፤ እባቢትን ትክ ብሎ አያት።

«እኔ ምን አውቄ» አለች ታላቂቱ። «ሠራተኞች ናቸው እንጂ...»

«ምግብ ቤቱን የከፈተች ጊዜ ነው» አለ ከኩሽና የመጣ ድምፅ።

እናታቸው ነበረች። ቀን ቀን እዚያ ተቀምጣ ድንች ትልጣለች። ቢላዋዋን እንደያዘች፣ በርጩማውን ተደግፋ ተነሥታለች። «ጉድጓዱ ይሸታል፣ ሲጠረግ ሥራ ያስፈታል ብላ ነው። ያ ጨርቅ ከመውጣቱ ብዙ በፊት።»

«እማዬ!» አለች ታላቂቱ።

የሙሽራ ልብስ አከራይዋ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «አንቺ... አንቺ ያቺ ልጅ ነሽ!» አለች እባቢትን። «የረገምኩሽ!»

«እጄ እንዳለ ነው» አለች እባቢት፤ ጓንቷን አውልቃ አሳየቻት። ገመዱን ለሸምበቆ ሰጠችው። ልናገር ነው ማለቷ ነው። ሸምበቆም ተቀበላት።

በእነዚያ ዓመታት የተለማመደችው ስድብ ሁሉ ጠፋባት። አንዲት ነገር ብቻ ቀረች። ወደ እህቷ ቀርባ፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ፣

«ከታች እስከ ላይ» አለቻት። «በር በሩን እያንኳኳሽ። እኔ ያልኩትን ቃል ታውቂዋለሽ።»

«በሰው ፊት?» ታላቂቱ እንባዋ መጣ። «በደንበኞቼ ፊት? እህትሽ አይደለሁም?»

«ያኔም ነበርሽ።»

«እግርሽ ላይ ልውደቅ፤ ይሄን አታድርጊኝ።»

«እግሬ ላይ አትውደቂ። ደረጃው እዚያ ነው።»

ታላቂቱ አልተንቀሳቀሰችም። የተንቀሳቀሰችው እናትየዋ ናት። ቢላዋዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ጉልበቷን እየደገፈች ወደ ሙሽራ ልብስ ሱቁ በር ሄደችና፣ ባለቤቲቱ እዚያው መተላለፊያው ላይ ቆማ እያለች፣ የተከፈተውን በር አንኳኳች።

«ታናሿ ልጄ ንጹሕ ነበረች» አለች ወደ ባዶው ሱቅ። «አውቅ ነበር። ዝም አልኩ። ይቅር በሉኝ።»

ከዚያ ወደ ደረጃው አመራች። እባቢት ያሰበችው ይሄን አልነበረም። አሮጊቷ የደረጃውን ብረት ይዛ አንዱን እግር ከአንዱ ስታስከትል ማየት አስጨነቃት፤ «ተመለሽ» ልትል አፏን ከፈተች። ግን አላለችም። እንድትመለስ አልፈለገችም። ያን ቃል ከእናቷ አፍ በየበሩ ሲነገር መስማት ፈለገች፤ ይሄን ኋላ ራሷ ነው ለሸምበቆ የነገረችው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ የእናትየዋ ድምፅ ተሰማ፤ «ታናሿ ልጄ ንጹሕ ነበረች...» ያኔ ታላቂቱ ፎጣዋን ወለሉ ላይ ጥላ ሮጣ ተከተለቻት። እናቷን በብብቷ ይዛ፣ አብራ እየወጣች፣ በየበሩ «እኔ ነኝ» አለች። ልቅሶዋ እስከ ታች ይሰማል። እባቢት ቱቦው አጠገብ ቆማ እያንዳንዷን በር ሰማች። ዓይኗ ደረቅ ነበር።

አስተዳዳሪው በማግስቱ ኩሽናውን ዘጋው። ታላቂቱ ቦታውን ማቆየት አልቻለችም፤ ደንበኛውም ያን ስክሪን ካየ በኋላ አልተመለሰም። አሁን ሌላ ሰፈር፣ የአውቶቡስ መቆሚያ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ድንች ብቻ ትጠብሳለች። የሙሽራ ልብስ አከራይዋ ለእባቢት አበባ ላከች። እባቢት አበባውን መለሰችው።

እናቷን ግን ልትወስዳት ሄዳ ነበር። አልጋ ገዝታ፣ ክፍሏን አስተካክላ። እናትየዋ ጠባቧ ክፍል በር ላይ ድንች እየላጠች ጠበቀቻት።

«አልመጣም» አለቻት።

«ከኔ እሷ ትሻልሻለች? ዛሬም?»

«አትሻለኝም። ያኔ የተገፋሽው አንቺ ነበርሽ፤ አብሬሽ መውጣት ነበረብኝ፣ አልወጣሁም። ዛሬ የወደቀችው እሷ ናት። ሁለተኛ ጊዜ አልሳሳትም።»

እባቢት እናቷን ልትቆጣት ፈልጋ አልቻለችም፤ ልትስማት ፈልጋም አልቻለችም። ከክፍሉ ውስጥ ዘይት ሲንጫጫ ይሰማል። ታላቂቱ ወጥታ አላየቻትም፤ እሷም ገብታ አላየቻትም።

ሸምበቆ አንድ ቀን መኪና ውስጥ «ጸጸተሽ?» ብሎ ጠይቋት ነበር። «እናቴን ደረጃ ማስወጣቴ» አለች። «ሌላው አልጸጸተኝም። ነገም ብትጠራኝ ነገም ገመዱን እሰዳለሁ።» ደግሞም «ጣፋጭ ነበር፣ አልዋሽህም» አለችው።

እናትየዋ እንደ በፊቱ በአውቶቡስ ትመጣለች። በቀደም ዕለት በጋዜጣ የተጠቀለለ ድንች ይዛ መጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ልካልሻለች። ነይና ብይ ብላለች።»

«ለጎረቤት እሰጠዋለሁ።»

«እስከ መቼ ነው ግን፣ ልጄ? ሁሉንም አጣች። አልበቃሽም?»

እባቢት የእናቷን ጫማ ከበሩ አጠገብ አስተካከለች፤ ለጉልበቷም ትራስ አመጣችላት።

«ሲበቃኝ እነግርሻለሁ፣ እማ» አለች። «ገና አልጠገብኩም።»